የሞተር እመቃ ልክ፤ ታሪኩና በደጋ አገር ያለው ትርጉም

አናጢ የሚጠርበውን እንጨት፣ ግንበኛም የሚያቆመውን ግድግዳ በዓይኑ እያየ ይሠራል። የሞተር ባለሙያ ግን የሞተሩ ዋና ሥራ የሚፈጸምበትን ስፍራ፣ ሥራው በሚፈጸምበት ሰዓት ሊያየው አይችልም። ነዳጅና አየር የሚታመቁት፣ እሳት የሚለኮሰው፣ ኀይልም የሚወለደው በዙሪያው በተዘጋው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእንፋሎት ሞተር ዘመን ጀምሮ የሙያው ሰዎች ትልቁ ጥያቄ፣ የተዘጋውን ሳይከፍቱ በውስጡ ያለውን ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ሆኖ ኖሯል።

ዛሬ በየጋራዡ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው የእመቃ መለኪያ፣ ማለትም ካንዴላ ተፈትቶ በቀዳዳው የሚገባውና በተለምዶ የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ፣ ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ የጋራዥ መሣሪያዎች ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነ የምርምር ታሪክ አለ። ይህ ታሪክ በሚገባ ሲመረመር አንድ ትምህርት ደጋግሞ ይሰጣል። ይኸውም ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገረው የተለካበት ሁኔታ አብሮት ሲነገር ነው የሚል ነው። ትምህርቱ እንደ ኢትዮጵያ ባለ፣ ተሽከርካሪዎች ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ባለ ቦታ በሚሠሩበት አገር ከንድፈ ሐሳብነት ያለፈ፣ የባለንብረትን ገንዘብና የባለሙያን ስም የሚነካ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መስኮት

በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር የለካው የእንግሊዙ የጄምስ ዋት ድርጅት ነው። ዋት በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በእንፋሎት ሞተሩ ሲሊንደር ላይ ሌላ እጅግ ትንሽ ሲሊንደር አገናኘ። በትንሹ ሲሊንደር ውስጥ በሞላ የተያዘ ፒስተን ስለነበረ፣ በትልቁ ውስጥ ግፊት ሲጨምርና ሲቀንስ ትንሹም ከፍና ዝቅ እያለ ያመለክት ነበር። በ1796 ረዳቱ ጆን ሳውዘርን በዚሁ መሣሪያ ላይ እርሳስና ከሞተሩ ፒስተን ጋር አብሮ የሚሄድ ወረቀት ጨመረበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ግፊቱን ከማመልከት አልፎ ራሱ የሚሥል ሆነ። ፒስተኑ በየት ቦታ ሲደርስ ግፊቱ ምን ያህል እንደ ነበረ በወረቀቱ ላይ ተዘግቶ በሚቀር መሥመር ይታወቅ ጀመር።

የዋት ድርጅት ይህን መሣሪያ ለብዙ ዓመታት በምስጢር ይዞት ቈየ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሌላው ሠሪ የሞተሩን ጉድለት በግምት ሲፈልግ፣ ሥዕሉን በእጁ የያዘ ግን ቫልቩ ዘግይቶ መከፈቱን ወይም እንፋሎቱ በፒስተኑ ዙሪያ ማምለጡን አይቶ ያውቅ ነበር። በ1834 ፈረንሳዊው ኤሚል ክላፔይሮን፣ የአገሩ ልጅ ሳዲ ካርኖ በ1824 ያሳተመውን የሙቀት ሞተር ሐሳብ በዚህ ዓይነት የግፊትና የይዘት ሥዕል ገለጠው። ስለዚህ የፋብሪካ መሣሪያ የነበረው ሥዕል የሳይንስ ቋንቋ ሆነ ማለት ይቻላል። ዛሬ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣለው የሞተር ዑደት ሥዕል የዚያ እርሳስና ወረቀት ልጅ ነው።

ያለ እመቃ የተሠራው ሞተር

ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነድድበት ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብ እመቃ አልነበረውም። በ1860 ኤቲየን ሌኖዋር በፓሪስ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሞተር ጋዝና አየር ይስባል፤ ፒስተኑ መንገዱን ሳያጋምስ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለኩሰዋል። ድብልቁ ከመለኮሱ በፊት አይታመቅም ነበር። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ እጅግ ብዙ ጋዝ ይፈጅ ነበር። ከነደደው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው ከጭሱና ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር ይሄዳል።

ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ በጽሑፍ በግልጽ ያስቀመጠው አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በ1862 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥሩ ሞተር ሊያሟላቸው የሚገቡትን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ ጋዙ መስፋፋት ሲጀምር ግፊቱ በተቻለ መጠን ከፍተኛ ሊሆን እንደሚገባ ጻፈ። ለዚህም መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት የሚባሉትን አራት ምቶች በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ይሁን እንጂ ሐሳቡን በብረት አልሠራውም፤ መጽሐፉም ብዙ አንባቢ ሳያገኝ ቀረ።

በብረት የሠራው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ነው። ኦቶ ከኦይገን ላንገን ጋር በመሆን በ1867 በፓሪስ ትርዒት ላይ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሞተር ቀደም ሲል ሠርቶ ነበር፤ ያም ሞተር ግን ገና እመቃ አልነበረውም። በ1876 ያቀረበው ባለ አራት ምት ሞተር ግን ድብልቁን ከመለኮሱ በፊት ያምቀዋል። የእመቃው ውድር፣ ማለት ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ይዘት ላይ ሲሆን ላለው ይዘት ሲካፈል፣ ከ2.5 ብዙ አይርቅም ነበር። ዛሬ ላለ ሰው ይህ ቁጥር አነስተኛ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ከዜሮ ወደ አንድ የተራመደ ያህል ነበር።

የእመቃ ጥቅም በሒሳብ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። ምንም የሙቀት ብክነት በሌለበት የንድፈ ሐሳብ ሞተር፣ የእመቃው ውድር 2.5 ሲሆን ከሙቀቱ 30 በመቶ ገደማ፣ ውድሩ 8 ሲሆን ደግሞ 56 በመቶ ገደማ ወደ ሥራ ሊለወጥ ይችላል። እውነተኛው ሞተር ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። በተመሳሳይ ነዳጅ ብዙ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ እመቃውን ከፍ ማድረግ አለበት። ኦቶ በጀርመን አገር የነበረውን የአራት ምት የፈጠራ መብት በ1886 በፍርድ ቤት ሲያጣ፣ ለተከራካሪዎቹ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ያ የተረሳው የቦ ደ ሮሻ መጽሐፍ ነበር። በዚያው በ1886 ካርል ቤንዝ ለባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪው የፈጠራ መብት አገኘ፤ የታመቀው ጋዝም ከፋብሪካ አዳራሽ ወጥቶ ወደ መንገድ ወረደ።

የተሰበረው መለኪያ

እመቃ ምን ያህል ኀይለኛ ነገር እንደ ሆነ በግልጽ ያሳየ አንድ ቀን አለ። ሩዶልፍ ዲዝል አየሩ ብቻውን እጅግ ከታመቀ በሙቀቱ ነዳጁን ያለ ብልጭታ ሊለኩሰው ይችላል በሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ በአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ የሙከራ ሞተር አሠራ። ኦገስት 10 ቀን 1893 ሞተሩ በቀበቶ እየተነዳ ሳለ ነዳጅ ሲገባበት፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ወደ 80 አትሞስፌር ወጣና በላዩ የተተከለው የግፊት መለኪያ ተሰባብሮ ተበተነ። በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች በመትረፋቸው ዕድለኞች ነበሩ። ዲዝል ግን ከመለኪያው ስብርባሪ አንድ ታላቅ ነገር ተረዳ። ሞተሩ ገና በራሱ መሄድ ባይችልም፣ በእመቃ ብቻ እሳት መለኮስ የሚቻል መሆኑ ተረጋግጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል የፈጀ አድካሚ ሥራ ተከተለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሬተር ሞተሩን በይፋ ሲፈትኑት፣ ከሙቀቱ 26.2 በመቶ ወደ ሥራ ለውጦ ተገኘ። በዘመኑ ከነበሩት የሙቀት ሞተሮች ሁሉ የበለጠ ነበር። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር የእመቃ ልክ በቤንዚን ከሚሠራው እጥፍና ከዚያም በላይ የሚሆነው፣ ለናፍጣ ሞተር የተለየ መለኪያ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የናፍጣ ሞተር እመቃው ሲወርድ ኀይሉ ከመቀነሱም በላይ በብርድ ጧት ጨርሶ አልነሣ ይላል፤ ክብሪቱ እመቃው ነውና።

የእመቃ ወሰንና የተከፈለው ዋጋ

በቤንዚን ሞተር በኩል እመቃን እንደ ልብ ከፍ ማድረግ አልተቻለም። ውድሩ ከፍ ሲል ሞተሩ ያንኳኳል፤ ያለ ጊዜው በሚፈነዳው ድብልቅ ምት ፒስተኑና ኩሽኔታው ይጐዳሉ። የማንኳኳቱን ጠባይ ካጠኑት ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሃሪ ሪካርዶ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የእመቃ ውድሩ ከፍና ዝቅ ሊል የሚችል የሙከራ ሞተር ሠራ። በዚያ መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ ነዳጅ ማንኳኳት የሚጀምርበትን ውድር እየለካ ነዳጆችን በደረጃ አስቀመጠ። ቀድሞ የሞተር ጥፋት ይባል የነበረው ማንኳኳት፣ ለካስ የነዳጅም ጠባይ ኖሯል።

በአሜሪካ በቻርልስ ኬተሪንግ ሥር ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ደግሞ ዲሴምበር 9 ቀን 1921፣ እጅግ ጥቂት የሆነ የእርሳስ ውሁድ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ማንኳኳቱን እንደሚያስቀር አገኘ። በ1923 ይኸው ነዳጅ መሸጥ ተጀመረ። በ1926 ግሬም ኤድጋር የነዳጅን ጸባይ በኦክቴን ቁጥር መለካት የሚቻልበትን መንገድ አወጣ። በዚህ ሁሉ የተነሣ በ1908 በወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ላይ 4 ገደማ የነበረው የእመቃ ውድር፣ በ1960ዎቹ በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ 9ና ከዚያም በላይ ደረሰ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በ1924 በኒው ጀርሲ ውሁዱ ይመረትበት በነበረ ቦታ አምስት ሠራተኞች በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። ሌሎችም ብዙዎች ታመሙ። የእርሳሱ ጭስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መሆኑ እየታወቀ ሲሄድ ነዳጁ ከአገር አገር እየታገደ መጣ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ለመኪና መሸጡን አቆሙ፤ በመጨረሻም በ2021 አልጀሪያ ስታቆም በዓለም ላይ ለመንገድ ተሽከርካሪ የሚሸጥበት አገር ጠፋ። የእመቃ ቁጥር ከፍ ማለቱን ብቻ ዕድገት አድርጎ የቈጠረ ሰው፣ ቁጥሩ በማን ጤና እንደ ተገዛ ሳይጠይቅ ቀርቶ ነበር።

ከክንድ ወደ መለኪያ

የዋትና የሪካርዶ መሣሪያዎች የላቦራቶሪ ዕቃዎች ናቸው። ተራው መካኒክ የሲሊንደርን ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ሲያውቅ የኖረው በክንዱ ነበር። ሞተር በእጅ ማስነሻ ብረት ይዞር በነበረበት ዘመን፣ አንዱ ሲሊንደር የእመቃ ምቱ ላይ ሲደርስ ብረቱ እንደ ሞላ ይከብዳል፣ ወደ ኋላም ይገፋል። አራቱም በየተራቸው እኩል ከከበዱ ሞተሩ ደኅና ነው። አንዱ ተራው ደርሶ ብረቱ በቀላሉ ካለፈ ደግሞ ያ ሲሊንደር ያፈስሳል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ቁጥር ባይኖረውም አንድ ትልቅ ብልሃት ነበረው። ሲሊንደሩን የሚመዝነው ከሩቅ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከወንድሞቹ ሲሊንደሮች ጋር እያስተያየ ነው።

ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ወጣ። ሞቶሪኖ የሚባለው ይህ መሣሪያ ብዙ ክንድ ከመሰበር አዳነ። ዳሩ ግን ባለሙያው በእጁ ይሰማው የነበረውን ነገር አብሮ ወሰደበት። የጠፋውን ስሜት የተካው የግፊት መለኪያው ነው። በመለኪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ የማትመልስ ቫልቭ፣ በተከታታይ ምቶች የተገኘውን ከፍተኛ ግፊት ይዛ ታቈያለች፤ ባለሙያውም ተረጋግቶ ያነብበዋል።

ልኩ እውነተኛ እንዲሆን ግን ሥርዓቱ መጠበቅ አለበት። ሞተሩ በሥራ ሙቀቱ ላይ መሆን አለበት። ባትሪው በሚገባ የተሞላ፣ የቫልቭ ክፍተቱም የተስተካከለ ሊሆን ይገባል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈታሉ፤ የእሳቱና የነዳጁ መሥመር ይቋረጣል። የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻው ተረግጦ አየሩ በሙሉ መንገዱ እንዲገባ ይደረጋል። ከዚያም እያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል የእመቃ ምት፣ ለምሳሌ ስድስት ስድስት ምት እየተሰጠው ይለካል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ቁጥሩ ይወርዳል። ፔዳሉ ሳይረገጥ የተለካ ሞተር ለምሳሌ በቂ አየር ስለማያገኝ፣ ደኅና ሆኖ ሳለ የደከመ ይመስላል።

ልኩ ዝቅ ብሎ ሲገኝም ነገሩ አያበቃም። አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል። ዘይቱ በፒስተኑ ቀለበቶች ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍነው፣ ቁጥሩ ጐላ ብሎ ከጨመረ ጥፋቱ የቀለበቶቹ ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል፤ ይልቁንም ጐን ለጐን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አንድነት ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ሳይቃጠል አይቀርም። ይህ የዘይት ሙከራ ለናፍጣ ሞተር አይሆንም፤ በከፍተኛው እመቃ ዘይቱ ራሱ ሊለኮስ ይችላልና።

ሌላው ዘዴ የታመቀ አየር ከውጭ ወደ ሲሊንደሩ ሰድዶ የሚያፈስሰውን መስማት ነው። አየሩ በማርሚታው በኩል ከተሰማ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በካርቡራቶሩ በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ አይገጥምም። በዘይት መሙያው ከመጣ ቀለበቶቹ አልቀዋል። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል። በቅርብ ዘመን በወጡት መኪናዎች ላይ፣ ሞቶሪኖው በእያንዳንዱ እመቃ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን በመሣሪያ ተነብቦ ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ይመዛዘናሉ። ይህ አዲስ የሚባለው ዘዴ በመሠረቱ ያ የጥንቱ ክንድ ያደርገው የነበረው ማስተያየት ነው።

የአየሩ ክብደትና ከፍተኛው አገር

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ አንድ ነገር እንደ ታወቀ አድርጎ ይዟል፤ እርሱም ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። አየር ክብደት ያለው መሆኑን ኢጣሊያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ1644 በጻፈው ደብዳቤ ገልጦ ነበር። በ1648 የፈረንሳዩ ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎሬን ፔሪዬን ለምኖ፣ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑዊ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ጫፍ እንዲወጣ አደረገ። በጫፉ ላይ ሜርኩሪው በግርጌው ከነበረበት ከሦስት የፈረንሳይ ኢንች በላይ ወርዶ ተገኘ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ በዚያ ቀን ተረጋገጠ።

ይህ እውነት ለሞተር ሰዎች በግድ የደረሳቸው ከአውሮፕላን ጋር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተሮች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ኀይላቸው ይከዳቸው ነበር። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሚሆነው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጥቶ ፈተነው። ሞተሩ በዚያ ከፍታ ሲሶ ያህል ኀይሉን አጥቶ ነበር። በጭሱ ኀይል በሚዞር መንፊያ አየር ሲጨመርለት ግን በባሕር ወለል ወደ ነበረው ኀይሉ ተመለሰ። ሞተሩ አልደከመም ነበር፤ የጐደለው አየሩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1900 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከእነርሱ አንዱን እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ከባሕሩ ወደ ደጋው የወጣ ሞተር ሁሉ ፔሪዬ በቱቦው ያየውን ለውጥ በሲሊንደሩ አይቷል። በ1936 እና በ1941 መካከል በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ደግሞ ብዙ የጭነት መኪና ገባ። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታና ፍሪሲዮን የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የመሣሪያው ስም ከውጭ እንደ መጣ ሁሉ የልኩም መጽሐፍ ከውጭ መጣ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የተጻፉት የእመቃ ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ወለል አየር የተሰጡ ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው የገባለትን አየር ስለ ሆነ፣ የገባው በሩብ ከቀነሰ የመለኪያው ቁጥርም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ፋብሪካው ደኅና ሞተር በካሬ ሴንቲ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ያሳያል ብሎ ቢጽፍ፣ ያው ሞተር ምንም ሳይጐድለው በጅቡቲ ወደብ 12፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአዋሽ ሰባት 10.6፣ በአዲስ አበባ 9፣ 3,000 ሜትር በሚሆነው የእንጦጦ ከፍታ ላይ ደግሞ 8.3 ገደማ ያሳያል። በተለመደው የፓውንድና የኢንች ልክ ሲነገር፣ በወደቡ 170 የነበረው በአዲስ አበባ 128 ይሆናል።

አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ዝቅተኛው ወሰን 10 ነው ካለና መለኪያው በአዲስ አበባ 9 ካሳየ፣ ከፍታውን ያላሰበ ባለሙያ ሞተሩ ይውረድ ብሎ ይፈርዳል። ባለንብረቱም የሚያምነው ቁጥሩን ስለ ሆነ ይቀበላል። ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይከፍላል፤ መኪናው ቆሞ በሚሰነብትበት ጊዜ የዕለት ገቢው ይቋረጣል፤ ደኅና የነበረው ሲሊንደር ይሞረዳል፣ ያላለቀው ቀለበት ይጣላል። ከሁሉም የሚብሰው፣ ታድሶ የተገጠመው ሞተር እንደገና ሲለካ ያው 9 አጠገብ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ሥራውን ይጠራጠራል፣ ባለንብረቱም ባለሙያውን። ሁለቱም የተሳሳቱት በሞተሩ ሳይሆን በአየሩ ነው።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። 9 በአዲስ አበባ ጥሩ ቁጥር መሆኑን በልምድ ያወቀ ሰው፣ በአዋሽ ሰባት 9 ያሳየውን ሞተር ደኅና ነው ብሎ ቢያሳልፈው፣ ከሚገባው ልክ ከመቶ 15 እጅ ያህል ያጣ ሞተር አሳልፏል። በጅቡቲ ወደብ ቢሆን ደግሞ ሩቡን ያጣ ነው። ስለዚህ አንዱ ቁጥር በአንዱ ከተማ ጤና፣ በሌላው ሕመም ነው። በዚህ ላይ የቀጠነው አየር ማንኳኳትን ስለሚቀንስ፣ ሌላም ምልክት ሊሰውር ይችላል። በደጋ ያላንኳኳ ሞተር በዚያው ነዳጅ ወደ ቆላ ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል።

ከስሕተቱ መውጫው ቀላልና ከታሪኩ ውስጥ የሚገኝ ነው። አንደኛው መንገድ የመጽሐፉን ቁጥር በቦታው የአየር ግፊት መመዘን ነው። በአዲስ አበባ የመጽሐፉ 10 ወደ 7.5፣ 12ቱም ወደ 9 ይለወጣል። ሁለተኛው መንገድ ከክንድ ዘመን የተወረሰው ማስተያየት ነው። የከፍታው ጉዳት ሁሉንም ሲሊንደር እኩል ስለሚነካ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ዝቅ ማለቱን ከፍታ ሊያመጣው አይችልም። ብዙ የፋብሪካ መጻሕፍትም ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ከሦስት አራተኛ እንዳያንስ፣ ወይም በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት 1 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። አራቱ 9፣ 9፣ 8.8 እና 9 ካሳዩ ሞተሩ አይወርድም። 9፣ 9፣ 6 እና 9 ካሳዩ ግን ሦስተኛው የሚናገረው ነገር አለው።

ሦስተኛው መንገድ ልኩን መዝግቦ ማቈየት ነው። የሞተሩ ዕድሜ፣ የተለካበት ቀን፣ ቦታውና ከፍታው፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ቢጻፍ፣ የሚቀጥለው ልክ የሚመዘነው ከዚያው ሞተር ካለፈው ታሪክ ጋር ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ 9 ያሳየ ሞተር 7 ቢያሳይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለዚህ ፍርድ ከሩቅ አገር የመጣ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ሳውዘርን እርሳሱን በዋት መሣሪያ ላይ ከጨመረበት ጊዜ ጀምሮ የተገኘው ጥቅም ይኸው መዝገብ ነበር። ልኩ ለብቻው አልቆመም፤ ከፒስተኑ ቦታ ጋር አብሮ ተጻፈ። ሪካርዶም የነዳጁን ጠባይ ያወቀው ማንኳኳቱን ከውድሩ ጋር አብሮ በመመዝገቡ ነው። ሞስ ደግሞ ልኩን ከከፍታው ጋር አያይዞ ወሰደ። እንዲሁም በደጋ አገር የሚሠራ ባለሙያ፣ የእመቃ ቁጥር በጻፈበት ወረቀት ላይ የቦታውን ከፍታ አብሮ መጻፍ ይገባዋል። ይህ ሲለመድ ካለ ጥፋቱ የሚወርደው ሞተር ይቀንሳል፤ ባለንብረቱ በጋራዡ ቃል ላይ ያለው እምነትም ይጸናል።